የረድኤት አበበን ትምህርትና ሥራ ተከትዬ ሪሰርች መማር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሪሰርች ውስጥ መግባት ፈልጋችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ሁሉ። እኔ የያዝኩት መንገድ ቀላል ነው። አንድ ተመራማሪ መረጥኩ፣ ከዚያ የተማረችውንና የጻፈችውን በቅደም ተከተል እየተከተልኩ የጎደለኝን እሞላለሁ። የመረጥኩት ዶ/ር ረድኤት አበበን ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ናት። ፔፐሮቿ ስለ ድህነት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዕድል እኩልነት ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ግን ጥርት ያለ ሒሳብ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሲቪዋን እንየው። እስከ 8ኛ ክፍል ናዝሬት ስኩል፣ ከዚያ በውድድር ባገኘችው ስኮላርሺፕ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከሃርቫርድ በሒሳብ ያዘች። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ሄዳ በሒሳብ ማስተርስ፣ ወደ ሃርቫርድ ተመልሳ ደግሞ በአፕላይድ ማቲማቲክስ ሌላ ማስተርስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኮርኔል ገብታ በጆን ክላይንበርግ አማካሪነት፣ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን የጨረሰችው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ቀጥሎ ወጣት ተመራማሪዎችን የሚደግፈው የሃርቫርድ ሶሳይቲ ኦፍ ፌሎውስ አባል ሆነች፣ በርክሌይም ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠራት።

ልብ በሉ፣ ሦስት ዲግሪ ሒሳብ ከሒሳብ ላይ! እኛ ጋ ግን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ልጫን ብሎ ነው። ስለዚህ የማታ ሰዓቴን ለፕሮባቢሊቲና ለሊኒየር አልጀብራ ሰጠሁት። አሰልቺ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽም፣ ነገር ግን ፔፐር ስትከፍቱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ድሮ ዘልዬው የማልፈው ቀመር አሁን ዋናውን ወሬ የሚነግረኝ እሱ ሆኗል።

ሌላ የገረመኝ ነገር ጥያቄዎቿ የመጡበት ቦታ ነው። ሃርቫርድ እያለች ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ለሃርቫርድ ክሪምሰን ስለ ከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትዘግብ ነበር። በሀብታም ዩኒቨርሲቲ አፍንጫ ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች በተማሪዎች መካከል ያለውን የውጤት ልዩነት ያየችው እዚያ ነው። ሒሳቡ ከክፍል መጣ፣ ጥያቄው ግን ከመንገድ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በጣም የቆየሁበት ፔፐር ከክላይንበርግና ከማቲው ዋይንበርግ ጋር የጻፈችው፣ ድንገተኛ ወጪ ለሚያናጋቸው ሰዎች ድጎማ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። በ2020 ትሪፕል ኤአይ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኤአይ ጉባኤ ላይ ቀርቧል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ድሃ የሚሆነው ገቢው ስላነሰ ብቻ አይደለም። በሽታ አለ፣ ሐዘን አለ፣ ከሥራ መውጣት አለ። እድር ያቋቋሙ አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ፔፐር አላስፈለጋቸውም። ፔፐሩ የሚጨምረው ማስላት ነው። ለዚህም የኢንሹራንስ ሒሳብ ይዋሳል፤ መሠረቱን ስዊድናዊው ፊሊፕ ሉንድበርግ በ1903 የጣለውን ማለት ነው።

ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ በራሴ ቁጥሮች ሞከርኩት። ሁለት እናቶችን አስቡ። ሁለቱም በወር 1000 ብር ይተርፋቸዋል፣ ቁጠባ የላቸውም። አንደኛዋን በአማካይ በ4 ወር አንዴ ድንገተኛ ወጪ ይመታታል፣ አማካይ መጠኑ 3000 ብር። ሁለተኛዋን በአማካይ በየወሩ ይመታታል፣ 750 ብር እየሆነ። ብታካፍሉት የሁለቱም ጫና በወር 750 ብር ነው። የወጪው መጠን ኤክስፖኔንሺያል ስርጭት አለው (ትንሽ ወጪ ይበዛል፣ ትልቅ ወጪ እየራቀ ይሄዳል) ብለን ብንነሳ፣ አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን የመቅረት ዕድላቸውም እኩል 75 በመቶ ይወጣል።

አሁን 3000 ብር እርዳታ አለ እንበል። ለአንደኛዋ ሙሉውን ብትሰጧት ዕድሉ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። ለሁለተኛዋ ብትሰጧት ወደ 28! ያው ብር፣ ያው ገቢ። ትንንሽ ወጪን 3000 ብር በደንብ ይመክተዋል፣ ትልቁን ግን አንድ ጊዜ ቢመክት ነው። ታዲያ ለማን ይሰጥ? ግባችሁ የሚወድቀውን ሰው ብዛት መቀነስ ከሆነ ሁሉም ብር ለሁለተኛዋ ይሄዳል። ግባችሁ ከሁሉ የባሰባትን ማገዝ ከሆነ ደግሞ መልሱ ይገለበጣል፤ 2400 ለአንደኛዋ፣ 600 ለሁለተኛዋ፣ ሁለቱም 61 በመቶ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ስክሪኔ ላይ ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ፔፐሩ የሚለው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ግቡን ምረጥ፣ ኮምፒውተሩ የሚከተለው የመረጥከውን ነው። ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሒሳብ በእጁ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ቀመሩን ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ የወጪውን ድግግሞሽ በአማካይ መጠኑ አባዙ፣ ለወርሃዊ ትርፉ አካፍሉ። ቁጠባ ለሌለው ሰው ያ ራሱ መልሱ ነው። አንድና ከአንድ በላይ ከመጣ ሰውየው መውደቁ አይቀርም፣ አንድ ጊዜ በሚሰጥ ገንዘብም አይድንም፤ ወርሃዊ ገቢው ራሱ ማደግ አለበት።

ሌላው ያነበብኩት ማይክሮሶፍት ሪሰርች ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ነው። ከ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ቢንግ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ቲቢ ምን እንደሚፈልጉ አጥንተዋል። ምልክት፣ ምርመራ፣ መገለል፣ የባህል መድኃኒት፤ ለሐኪም ፊት ለፊት የማይነገረው ሁሉ ፍለጋው ውስጥ አለ። ሒሳቡ ከመጀመሪያው ይቀላል፣ ለጀማሪ በዚህ መጀመር ይሻላል።

ብቻዋን እንዳልሠራችም አስተውሉ። ከኤአይ ተመራማሪዋ ቲምኒት ገብሩ ጋር ብላክ ኢን ኤአይን፣ በዘርፉ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስበውን ድርጅት፣ መሥርታለች። በ2016 ደግሞ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ኪራ ጎልድነር ጋር ፔፐር አብሮ የሚነበብበት ቡድን ጀመሩ፤ ያ ቡድን አድጎ አሁን የራሱ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለው።

እኔም አብሮኝ የሚያነብ እፈልጋለሁ። ቀጣዩ ፔፐር ኮምፒውቲንግ በማኅበራዊ ለውጥ ውስጥ ምን ሚና ሊኖረው ይችላል የሚለው ነው፣ ቀመር የለበትም፣ ስለዚህ ከሌላ ዲፓርትመንት የሆናችሁም ግቡ። በሳምንት አንድ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የሁለቱን እናቶች ኮድ የሚፈልግ ይንገረኝ፣ እልክለታለሁ።