አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት

ዛሬ ደግሞ ያ ለሥራም ለእንቅልፍም የማይሆን ስሜት መጥቷል። የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ተጣልተው አሁንም አልታረቁም። መሀል ገብቼ ነገሩን ላብርድ ብዬ ሳስብ ያ እንግሊዞች የሚወዱት አባባል መጣብኝ፤ በታወከ ውሃ ላይ ዘይት ማፍሰስ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ዘይቱ ላይ ቀረ።

ነገሩ እኮ እውነት ነው። አሜሪካዊው የሳይንስ ሊቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1757 ባሕር ሲያቋርጥ የሁለት መርከቦች ዱካ ብቻ ለስልሶ አየ። ካፒቴኑን ቢጠይቀው፣ ወጥ ቤቶቹ ቅባት ያለው እጣቢ ደፍተው ይሆናል አለው። በኋላ ለንደን አጠገብ ክላፓም በሚባል ቦታ ኩሬ ላይ ራሱ ሞከረው። መጀመሪያ ዘይቱን ያፈሰሰው ሞገዱ ከሁሉ በበረታበት ዳር ነበር። አልሠራም፤ ነፋሱ ዘይቱን ገፍቶ ዳር ላይ መለሰው። ዞሮ ነፋሱ ከሚመጣበት፣ ሞገዱ ገና ከሚወለድበት በኩል ሲያፈስ ግን ከሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ግማሽ ኤከር ያህል ውሃ እንደ መስታወት አስተኛ። ይህን በ1774 ጽፎ አሳተመ።

የሻይ ማንኪያው 5 ሚሊ ሊትር በግማሽ ኤከሩ፣ ማለትም በ2000 ካሬ ሜትር ላይ ሲነጠፍ ውፍረቱ 2.5 ናኖ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ሞለኪውል ቁመት ማለት ነው። ይህ ስስ ነገር ነፋሱን የሚያሸንፈው ተጭኖ አይደለም። ነፋስ ውሃን የሚገፋው ትንንሾቹን ሽብሽቦች ጨብጦ ነው። ሽብሽቡ ሲለጠጥ የዘይቱ ንጣፍ ይሳሳል፤ የሳሳው ቦታ ደግሞ የውሃውን ገጽ ወደ ራሱ ይጎትታል፤ የሽብሽቡ ጉልበት በዚህ ጉተታ ያልቃል። ነፋሱ የሚጨብጠው ያጣል።

መርከበኞች ይህን በደንብ ተጠቅመውበታል። የሸራ ከረጢት በቃጫ ሞልተው ዘይት ያጠጡት ነበር፤ በወፍራም መርፌ በስተውት ነፋስ ከሚመጣበት ጎን ያንጠለጥሉት ነበር። ጠብ ጠብ ካለ ይበቃል፤ መገልበጥ ብክነት ነው። የዓሣና የአትክልት ዘይት ከቀጭን የማዕድን ዘይት ይሻላል። ብርድ ከበረታ ዘይቱ ስለሚረጋ አይንጠባጠብም። ትልቁ ማዕበል ግን አይጠፋም፤ እንደነበረ ይመጣል፣ ጫፉ ተሰብሮ መርከቡ ላይ መውደቁ ብቻ ይቀንሳል። ፍራንክሊን ራሱ በ1773 ፖርትስማውዝ ላይ ዳርቻውን የሚመታውን ማዕበል ሊያስተኛ ሞክሮ አልሆነለትም። አባባሉን የሚወዱት ሰዎች ይህችን ክፍል ሲጠቅሱ አልሰማሁም።

ደግሞ ሰውዬው ገጠር ሲወጣ በቀርከሃ ከዘራው ባዶ አንጓ ውስጥ ትንሽ ዘይት ይዞ ይዞር ነበር፤ ኩሬ ባገኘ ቁጥር ሊሞክር። እኔም ይኸው እኩለ ሌሊት ላይ 5ን ለ2000 አካፍላለሁ። ቆይ፣ የባዶው አንጓ ክዳን ከምን ይሆን የተሠራው? ቡሽ ነው?