524287 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በእጄ ያረጋገጥሁበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ብርዱ ከቤት በማያስወጣባቸው ምሽቶች፣ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1588 እ.ኤ.አ. ብቸኛ መሆኑን ያሳየውን 524287ን በእርሳስና በደብተር ብቻ ልመረምረው ተነሣሁ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው፤ 524287 የሚገኘው 19 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው።

የጀመርሁት በቀጥታ በማካፈል ነበር። 724 በራሱ ሲባዛ 524176፣ 725 ደግሞ 525625 ስለሚሆን፣ ቁጥሩ ብቸኛ ባይሆን ኖሮ ከ724 የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ይኖረው ነበር፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን 128 ናቸው። በአራተኛው ምሽት፣ ግማሽ ያህሉን ጨርሼ ሥራዬን ስፈትሽ፣ በአንዱ ቅነሳ ላይ መበደርን ረስቼ የተሳሳተ ቀሪ መጻፌን አገኘሁ። ያ አንድ ስሕተት በሌሎቹም ስሌቶች ላይ የነበረኝን እምነት አናጋው፤ እንዲህ ባለው ሥራ አንዲት የተሳሳተች ቀሪ ማስረጃውን በሙሉ ልታፈርስ ትችላለችና።

ስለዚህ ማካፈሉን ትቼ አካፋዩ ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ጀመርሁ። አንድ ብቸኛ ቁጥር 524287ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ ከ1 ተነሥተን በ2 እያባዛን ለዚያ ቁጥር ስናካፍል የምናገኛቸው ቀሪዎች በ19ኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ፤ 19 ራሱ ብቸኛ ስለሆነም ከዚያ ቀድመው አይመለሱም። በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፌርማ ሕግ መሠረት ደግሞ ከአካፋዩ በ1 ባነሰ እርምጃም ወደ 1 መድረስ አለባቸው። እንግዲህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ለ19፣ አካፋዩ ጎዶሎ በመሆኑም ለ38 መካፈል ይኖርበታል። እስከ 724 ይህን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች 191፣ 229፣ 419፣ 457፣ 571 እና 647 ብቻ ናቸው። አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 መቅረት አለበት የሚለው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ 191፣ 457 እና 647ን ብቻ አስቀረልኝ። ከ128 ወደ ሦስት መውረዱን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

524287 ለሦስቱ ሲካፈል ቀሪዎቹ 183፣ 108 እና 217 ሆኑ፤ አንዱም 0 ስላልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። አንድ ጊዜ በማስላት ግን አልረካሁም፤ እያንዳንዱን በሌላ መንገድ ደገምሁት። በ191 ላይ፣ የስምንት ሁለቶች ብዜት 256 ሲሆን ቀሪው 65 ነው፤ 65 በራሱ ሲባዛ 4225፣ ቀሪው 23፤ 23 በ8 ሲባዛ 184፣ 1 ሲቀነስለት 183። ሁለት የማይገናኙ መንገዶች በአንድ ቀሪ ላይ ሲገጥሙ ነው እምነቴ የተመለሰው።

ካታልዲ በ23 ሁለቶች የሚሠራውን 8388607ንም ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ፌርማ በ1640 ስሕተቱን አሳየ፤ ቁጥሩ የ47 እና የ178481 ብዜት ነው። 47 በዚሁ ማጣሪያ ገና ሲጀመር የሚገኝ የመጀመሪያው ዕጩ መሆኑን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሳሳያቸው፣ ሕጉ የሚቆጥበውን ድካም ከማብራሪያዬ ሁሉ በላይ ተረዱት።

አሁን የያዝሁት ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1772 ብቸኛነቱን ያረጋገጠውን፣ በ31 ሁለቶች የሚሠራውን 2147483647ን ነው። እዚህ መፈተሽ ያለባቸው እስከ 46340 ድረስ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚቀራቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱንም ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁለቱም መንገድ እያሰላሁት ነው።