ሦስት በረንዳ

መጽሐፌን ይዤለት የሄድኩት አከፋፋይ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ያለፈው የፍቅር ነበር፤ ይሄኛው የወንጀል ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ የሚያስፈራ ነው ትይኛለሽ። እህቴ፣ አንዱን ያዢ እንጂ! አንባቢ ግራ ይገባዋል» አለኝ። ነጋዴ ነው፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን አንዱን መያዝ አልቻልኩም። ጥፋቱ የቤሩት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የማዳም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከኩሽናው ጀርባ ልብስ የሚሰጣባት ጠባብ በረንዳ አለች። ፊት ለፊትና ግራ ቀኝ ባሉት ሦስት በረንዳዎችም ሐበሾች ነበሩ። እሁድ እንኳ መውጣት ስለማይፈቀድልን አንድም ቀን ተጨባብጠን አናውቅም። የምንጠራራው በአገራችን ነበር፤ የወሊሶዋ፣ የደሴዋ፣ የጎንደሯ። እኔ የአቃቂዋ ነኝ።

ያኔ ቤሩት መብራት በየቀኑ ለ3 ሰዓት በፈረቃ ይጠፋል። ብዙው ሰው የጄኔሬተር ይከፍላል። የእኛ ማዳም ግን ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አይሆንላትም። ፈረቃው ማታ ሲሆን እሷ በጊዜ ትተኛለች፣ እኔ በረንዳ እወጣለሁ።

ማዳም የቱርክ ድራማ ሱሰኛ ናት። በሶርያ ዐረብኛ የተተረጎመውን ማለቴ ነው። እኔም እየወለወልኩ፣ እየተኮስኩ በጎን አያለሁ። ዐረብኛዬ ያኔ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ቶሎ በይ» ነበር። ሰውየው ለምን እንዳለቀሰ፣ ሴትየዋ ደብዳቤውን ለምን እንደቀደደችው አይገባኝም። ያልገባኝን ከራሴ ሞልቼ ማታ ለሦስቱ አወራላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ ቱርኩ ቀረና ሁሉም የራሴ ሆነ።

ሦስቱን ማስደሰት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። የወሊሶዋ ፍቅር ካልሆነ ጆሮዋን አትሰጥም። «አገናኚያቸው እንጂ፣ ምን አስጨከነሽ!» ትለኛለች። የደሴዋ ሌባና ፖሊስ ነው የምትወደው። አንዲት ፍንጭ ከረሳሁ «ቆይ፣ ቁልፉስ?» ብላ ታፋጥጠኛለች። የጎንደሯ ደግሞ ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ የሚሆን ካልመጣላት እንቅልፍ አይወስዳትም። (ሲመጣላትም አይወስዳት፣ ያው ናት!) ስለዚህ በተራ አደረግነው። ያ አከፋፋይ አንዱን ያዢ ሲለኝ ከሦስቱ የቷን ዝም በያት እያለኝ እንደሆነ አላወቀም።

ሰው «ናፍቆት ነው ያጻፈሽ» ይለኛል። ናፍቆት አስለቅሶኛል እንጂ አንድ ገጽ አላጻፈኝም። ያጻፈችኝ በጨለማ ውስጥ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምትለዋ ድምፅ ናት።

ከተመለስኩ በኋላ ነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም እንዳሳተመ ያወቅኩት። ርዕሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ባሕር ማዶ ታትሞ የመጣ ስም እስከ ዛሬ የምንጠራበት መሆኑ ደስ አለኝ። ልብ የወለደው! የኔ ዐረብኛ ያልደረሰበትን የሞላው ማን ሆነና?

በ2012 የሊባኖስ ሊራ ወደቀ፤ ማዳምም ደመወዝ መክፈል አቆመች። ሐምሌ 27፣ ሰኞ ማታ፣ ለደሴዋ ሕንጻ ውስጥ ስለተሰረቀ ወርቅ እያወራሁላት ነበር። ሌባውን ልናገር ስል ማዳም ጠራችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። በማግስቱ ወደቡ ፈነዳ። የሰፈሩ መስታወት ሁሉ ረገፈ። እኔን እጄን ትንሽ ቆረጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የደሴዋ በረንዳ ላይ ሰው አልታየም። አንዷ አሠሪዎቿ ይዘዋት ወደ ተራራ ወጡ አለች፣ ሌላዋ አባረሯት አለች። ትክክለኛ ስሟን አላውቀው፣ ማንን ልጠይቅ?

አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። አሁንም አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለው፣ ጉልበቴ አለቀ። የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል። ቀን ከብሎኩ ሥር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሌሊት በደብተር እጽፋለሁ፣ ከዚያ በስልኬ እተይባለሁ። ያሳተምኩት በራሴ ገንዘብ ነው፣ 1000 ቅጂ። ወረቀት ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም። ከግማሽ በላዩ አሁንም አልጋዬ ሥር በካርቶን ተቀምጧል። አዟሪዎቹ ሲያልቅባቸው እየመጡ ይወስዳሉ። ሲያልቅባቸው ነው እንግዲህ።

እዚህም መብራት ይጠፋል፣ ያውም ያለ ፈረቃ። ያኔ ጎረቤቶቼ ሻማ ይዘው ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ምድር ቤት ያሉት እማማ «ልጄ፣ ያ ወርቅ የጠፋበት የቱ ጋ ደርሰሽ ነበር?» ይሉኛል።

የደሴዋ ገና ታሪኩን ስጀምር «ናጡሩን ብቻ ሌባ እንዳታደርጊው፣ አደራሽን» ብላኝ ነበር። ናጡር እዚያ የሕንጻ ጠባቂ ማለት ነው። የእሷ ሕንጻ ናጡር ማዳሟ ምግብ ስትከለክላት ተደብቆ ዳቦ ያቀብላት ነበር። እኔ ደግሞ ያን ሰኞ ማታ ሌባው ናጡሩ ነው ልላት ነበር። መጽሐፉን ስጽፍ ሌላ ሌባ መፈለግ ግድ ሆነ። እሱን ማግኘት ብቻ ሦስት ወር ፈጀብኝ።