ተቆጣጣሪዋ ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ

ለንደን ውስጥ አንድ የሕፃናት ማቆያ ተቀጥሬ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ኃላፊያችን ደንግጣ ወጣችና "ነገ ኦፍስቴድ ይመጣል" አለችን። ኦፍስቴድ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቱንም የሕፃናት ማቆያውንም የሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ለማቆያዎች ብዙውን ጊዜ የሚደውለው በዋዜማው ነው። ያን ቀን ስንወለውልና ፋይል ስናስተካክል አመሸን።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፋይሉ አልነበረም። ክፍሌ ውስጥ የሁለት ዓመት ተኩል የሀገሬ ልጅ አለች። ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ጠዋት አልቅሳ ትገባለች፣ ከዚያ እስከ ማታ ዝም። አንድ ቀን "ነይ የኔ እናት" ስላት ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ኃላፊያችን ሰማችና ልጅቷ ይምታታባታል፣ እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሪ አለችኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ታዘዝኩ።

ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ጠዋት እንደገባች ልጆቹንና ሠራተኞቹን ቆጠረች። ለሁለት ዓመት ልጆች አንድ ሠራተኛ የሚይዘው ቢበዛ አምስት ነው፤ እስከ 2023 አራት ነበር። የተጨመረችው አንድ ልጅ ምን ያህል እንደምትከብድ የያዘ ያውቀዋል። የወንጀል መዝገብ ማጣሪያችንንና የመጀመሪያ እርዳታ ሠርተፍኬታችንን አየች። ቀጥላ መጥታ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝም ያለችውን ልጅ ትንሽ ስታያት ቆየችና "ቤቷ ምን ቋንቋ ነው የሚነገረው? እዚህስ ትሰማዋለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ ደረቀ። ግን እውነቱን ነገርኳት።

ማታ ቤት ገብቼ መንግሥት ለማቆያዎች ያወጣውን መመሪያ አነበብኩት። ልጆች እንግሊዝኛን በሚገባ እንዲማሩ ያዛል፤ የቤታቸውን ቋንቋም በጨዋታና በትምህርት እንዲጠቀሙበት ማቆያው የሚቻለውን ማድረግ ግዴታው ነው ይላል። ሁለት ዓመት ሠርቼ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ተናደድኩ፤ በራሴም ጭምር።

ሰኞ ኃላፊያችን ራሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ለሌሎቹ ሠራተኞች እንዲሆን ውኃ፣ እንቅልፍ፣ ሽንት፣ እናት የሚሉትን አማርኛ አጠራራቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

በሳምንቱ ልጅቷ ሽርጤን ጎተተችና "ውኃ" አለችኝ። ሁለት ኩባያ ሙሉ ጠጣች። ከዚያ በፊት ስንት ቀን ጠምቷት ዝም ብላ እንደዋለች እያሰብኩ ቆሜ አየኋት።