ሐምሌት የጎጃም የቅኔ ተማሪ ቢሆን

የድሮ የበቀል ተውኔት ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ሁለት ጥያቄ ይዞ ይሻገራል። የተበደለው ልጅ ለምን ዳኛ ዘንድ አይሄድም? ዳኛ ከሌለስ ምን ይጠብቃል፣ ለምን ዛሬውኑ አይገድልም? አዲሱ አገር ለሁለቱም ከራሱ ጓዳ መልስ ካላወጣ ፊልሙ የልብስ ለውጥ ሆኖ ይቀራል። አሌክስ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ2002 የድሮውን የእንግሊዝ የበቀል ተውኔት «ሪቬንጀርስ ትራጀዲ»ን ወደ ፈራረሰች የወደፊት ሊቨርፑል ሲያመጣው ድፍረቱ ያስደስታል፤ ከተማዋ ግን ለበቀሉ ምንም አልጨመረችለትም፤ ሌላ የፈረሰ ከተማ ቢተካባት ታሪኩ አይናጋም።

የሼክስፒር «ሐምሌት» አጎቱ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባበት ልዑል የበቀል ታሪክ ነው። ጃፓናዊው ኩሮሳዋ ይህን ተንተርሶ እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራው «ዘ ባድ ስሊፕ ዌል» ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ፊልሙ በሠርግ ይከፈታል፤ ኬኩ የመሥሪያ ቤቱን ሕንፃ መስሎ ተሠርቶ ይቀርባል፣ የሙሽራው አባት ከወደቀበት የ7ኛ ፎቅ መስኮት ላይ ጽጌረዳ ተሰክቷል። ሕግ ለምን እንደማይሠራ ማንም መናገር አላስፈለገውም፦ በዚያ ቢሮ የበታቹ አለቃውን ከማጋለጥ ራሱን ማጥፋት ይቀለዋል። የቪሻል ባርድዋጅ «ሃይደር» (እ.ኤ.አ. 2014) ደግሞ ይህንኑ የሐምሌት ታሪክ በ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ካሽሚር ላይ ተከለው። አባትየው የታመመ የታጣቂዎች መሪ ያከመ ሐኪም ነው፤ ፊቱን የሸፈነ ጠቋሚ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የተሰለፈውን ሰው አንድ በአንድ ሲለይ ይወሰድና ደብዛው ይጠፋል። ሚስቱ ሚስትም መበለትም ሳትሆን ትቀራለች። በዋናው ተውኔት ለልጁ የሚገለጠው የሟቹ አባት መንፈስ ሳይቀር ተቀይሯል፦ መልእክቱን የሚያመጣው ከአባትየው ጋር ታስሮ የነበረ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው።

እንግዲህ ይህን መመዘኛ ይዘን ሐምሌትን ጎጃም፣ ጮቄ ሥር እናውርደው።

ሎራ ቦሃናን የተባለችው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ታሪክ ለናይጄሪያ ቲቭ ሽማግሎች ብትነግራቸው፣ አጎትየው የወንድሙን ሚስት ቶሎ ማግባቱን ደግ ሥራ ነው ብለው አጸደቁላት። ጎጃም ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሰው የወንድምን ሚስት ማግባት ምን እንደሆነ እንዲብራራለት አይፈልግም። ካህን አይባርከውም፤ ቢበዛ በሰማንያ ይዋዋላሉ። ስለዚህ ልጁ እናቱን የሚወቅስባቸው ረጃጅም ንግግሮች ግማሽ በግማሽ ሊቆረጡ ይችላሉ፤ በቦታቸው ቀን መቁጠሪያ መግባት አለበት።

ዘመኑን 1959 እና 1960 ዓ.ም. አድርጉት፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። አባት የሚሞትበትን ቀን በግምት አትምረጡ። ሰኔ 25 ቢሞት አርባው ነሐሴ 4 ይሆንና ፍልሰታ ውስጥ ይወድቃል፤ በጾም ደግሞ ፍሪዳ አይጣልም። ሐምሌ 10 ብትሉት ነሐሴ 19 ይመጣል፤ ያ ቀን በ1959 ዓርብ ነው። ሐምሌ 12 ከሆነ ግን አርባው ነሐሴ 21 እሑድ ይውላል፤ ጾሙ ተፈቷል፣ ሥጋውም ጠላውም ይፈቀዳል። ሠርጉን ለሚቀጥለው እሑድ፣ ለነሐሴ 28 አድርጉት። ሰው የሚዳረው በጥር ነው፤ በዝናብና በጭቃ መካከል የተደገሰ ሠርግ ሲያይ ተመልካች ያለ ትርጓሜ ይገባዋል። ሐምሌትና ጓደኛው ሆራሺዮ በለቅሶው ምግብ ሠርግ ተበላ ብለው የሚያላግጡት እዚህ ላይ ዳስ ይሆናል። ለተዝካሩ የተጣለው ዳስ ሳይፈርስ ሙሽሪት ትገባበታለች። ቅጠሉ ነሐሴ 21 አረንጓዴ ነበር፤ በሳምንቱ ጠውልጎና ቡናማ ሆኖ ሙሽሮቹ ራስ ላይ ይረግፋል። ይህን በቀለም ለመሥራት አትሞክሩ፤ ዳሱን በእውነት ጣሉትና የሁለቱን ድግስ ቀረጻ በሳምንት ልዩነት አድርጉት። ለዝናብ ትዕይንት በውኃ መርጫ የምታርከፈክፉት ከሆነ ዳሱን አታርጥቡት፣ የረጠበ ቅጠል ካሜራ ላይ እንደ አዲስ ጠቁሮ ይታያል።

ስለ ዝናብ ካነሣን፦ ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚቀረጽ ንግግር ከንቱ ነው። ማይኩ የፈለገውን ያህል ወደ አፍ ቢጠጋ ጣራው ያሸንፈዋል። ሳር ቤት ምረጡ፤ ለዘመኑም ይስማማል። ቆርቆሮ ግድ ከሆነ የሹክሹክታውን ትዕይንት ወደ መስከረም አሻግሩት።

አሁን ወደ ልጁ። በጎጃም አባቱ ተገድሎ ዝም ያለ ወንድ ልጅ ከለቅሶ ቤት ጀምሮ ይጠየቃል። አልቃሿ በሙሾ ትወጋዋለች፣ ፎካሪው ፊቱ ላይ ይፎክርበታል። በዚህ አገር እያመነታ ሦስት ሰዓት የሚፈላሰፍ ጀግና ፈሪ ተብሎ ያልቃል፤ ብዙ የአገራችን የመድረክ ሐምሌቶች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ይመስለኛል። መፍትሔው ከዋናው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ልጁ ተማሪ ነው፤ ከዊተንበርግ ይመጣል። የእኛው ከዋሸራ ወይም ከዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ይምጣ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ። ክህነት የሚጠብቅ ሰው ደም ካፈሰሰ ቅስናው ቀረ። መዘግየቱ ወዲያው ሥጋ ለበሰ፤ ፈሪ የሚሉት አሉ፣ እሱ ግን የሚያጣውን ያውቃል። እብደቱም ማስረጃ አያሻውም። ቅኔ ቤት የከረመ ልጅ እንግዳ ነገር ሲናገር ሰዉ «ትምህርት በዛበት» ብሎ ራሱ ይጨርሰዋል። የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ እዚህ የአጎቱ አማካሪ ሽማግሌ ይሁንና ልጁን ጠበል ይውሰደው። ጠዋት በብርድ እየተጠመቀ፣ አጥማቂው «ማን ነህ? ተናገር!» ሲለው፣ በሰምና ወርቅ እየመለሰ አማካሪውን የሚሰድብበት ትዕይንት ከማንኛውም ትርጉም ይልቅ ለዋናው ቀልድ ይቀርባል። ተዋናዩ ቅኔ የሚያውቅ ባይሆን እንኳ ጽሑፉን ባለቅኔ ይመልከተው። ቤት የሰበረ ቅኔ ጎጃም ውስጥ ከታየ ቲያትር ቤቱ ይስቃል፣ ሳቁም በተሳሳተው ቦታ ነው።

የአባትየውን መንፈስ አውጡት። የሼክስፒር ሙት ኃጢአቱ እስኪነጻ በእሳት ይቆያል፤ ያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፣ ተመልካችም ሰይጣን ነው ብሎ ይዘጋዋል። በቦታው ሬሳውን የገነዘው ሰው ይግባ። በዋናው ታሪክ መርዙ በጆሮ ነው የሚንቆረቆረው። አጎትየው ለጆሮ ሕመም መድኃኒት ነው ብሎ ይጨምርበታል፣ ሰው ምች መታው ይላል፣ በማግስቱ ይቀበራል። ጆሮው መጥቆሩን ያየው ገናዡ ብቻ ነው። ይህ ሰው ደብተራ ይሁን፤ ከአጎትየው ጋርም የቆየ የመሬት ክርክር ይኑረው። ምስክርነቱን ማንም አያምነውም፣ ልጁም ሙሉ በሙሉ ሊያምነው አይችልም። ይህ ጥርጣሬ ከጠፋ አጎትየው የሚፈተንበት የአዝማሪው ትዕይንት ዋጋ ቢስ ነው።

አገሬው የራሱ የምርመራ ሥርዓት እንዳለው መርሳት ትልቁ ስሕተት ነው። አውጫጭኝ አለ፦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይውላል። ሽምግልና አለ፣ ደም የሚደርቅበት ካሳ አለ። እነዚህ ከሠሩ ታሪኩ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ለዚህ ነው ሞቱ ምች መምሰል ያለበት። ከዚያም አልፎ አጎትየው ራሱ የአገር ሽማግሌ፣ የአውጫጭኙ ሰብሳቢ ይሁን። አንድ ሌላ ትንሽ ስርቆት ፈጥራችሁ እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው ሲያስምል አሳዩት። «ሃይደር» በጠቋሚው መኪና ያደረገውን እናንተ በዚህ ጉባኤ ታደርጉታላችሁ።

አዝማሪው። በዋናው ተውኔት ሐምሌት አጎቱን ለመፈተን፣ ቤተ መንግሥት ለመጡ ተዋንያን 12 ወይም 16 መስመር ጨምሮ ይሰጣቸዋል። ይህ በእኛ ዘንድ «ተቀበል» ነው፣ ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም። በካሽሚር ጭፈራና አሻንጉሊት ያስፈለገው ሥራ እዚህ በአንድ ማሲንቆ ያልቃል። ልጁ ከጥግ ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፦

የወንድሙን አልጋ ወርሶ ቢተኛበት፣
ደም የጠጣ ትኋን ሲነክሰው ነጋበት።

እንግዳው ስለ ትኋኑ ይስቃል። አልጋ መኝታም ሥልጣንም ስለሆነ አጎትየው መቆጣት አይችልም፤ ከተቆጣ ሰሙን ትቶ ወርቁን ሰማ ማለት ነው። ስለዚህ መሳቅ አለበት፣ ከሌሎቹ ግን ትንሽ ዘግይቶ። ይህችን ቅጽበት ለማግኘት ሁለት ካሜራ ያስፈልጋል። አንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጎትየው ፊት ላይ ተተክሎ አይነቃነቅ፤ ሌላው አዝማሪውንና ልጁን ይከተል። በአንድ ካሜራ ደጋግማችሁ ከቀረጻችሁ አዝማሪው ዜማውን በየጊዜው ስለሚለዋውጠው ቅንብር ላይ አይገጥምም። ማሲንቆውም የፈረስ ጭራ ነው፤ በእርጥበት ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከቀረጻ በፊት እሳት ዳር ይቆይ፣ በየእረፍቱም ይቃኝ።

ሐምሌትን ወደ እንግሊዝ የሚልከው ደብዳቤ ቀላሉ ክፍል ነው። አጎትየው በአባይ በረሃ አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል፤ ደብዳቤው ይዞት የሚሄደውን ሰው የሚያስገድል ነው። የኦርዮን ታሪክ የማያውቅ ምእመን ስለሌለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሐምሌት የሚወዳትና ውኃ ውስጥ የምትሞተው ኦፊሊያ ላይ ግን ጣና ልባችሁን እንዳያማልላችሁ። ከጮቄ ሥር ተነሥታ ጣና ድረስ ሄዳ የምትሰጥም ልጅ የቱሪዝም ማስታወቂያ ናት። የመንደሩን ወንዝ ካላችሁ ደግሞ ወሩን ተመልከቱ፦ በነሐሴ ሰው የሚወስደው ወንዝ ኅዳር ላይ ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ወይ ሞቷን ወደ መስከረም መጀመሪያ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ አምጡት፣ ወይ የጠበሉ ኩሬ ይሁን።

የመጨረሻው ግጥሚያ የገና ጨዋታ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና በዚያ ቀን በዱላ የተመታ ደም አይጠይቅም። አጎትየው ግድያውን የሚደብቅበት ከዚህ የተሻለ ጥላ የለም፤ ሩር የመታ መስሎ ጭንቅላት መምታት ይቻላል። ቀኑን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፦ 1960 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። 29 ብላችሁ ብትጽፉ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ቄስ የመጀመሪያው ተቺያችሁ ይሆናል።

የመርዙ ጽዋ በአንድ ልማድ ይሰናከላል፦ የሚያሳልፈው ሰው ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም። በዋናው ተውኔት ግን ንጉሡ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው ዕንቁ ብሎ መርዙን የሚጨምረው። ቅደም ተከተሉ እንዳለ ይሠራል፦ ይቀመሳል፣ ከዚያ አጎትየው ለአሸናፊው ሽልማት ነው ብሎ ቀለበት ይጥልበታል። ዕቃው ብርሌ አይሁን፤ አንገቱ ጠባብ ነው፣ መስታወቱም የወደቀውን ያሳያል። አፉ ሰፊ የሆነ የቀንድ ዋንጫ ይሁን።

ዘመኑን 1960 ያደረግኩት በተውኔቱ መጨረሻ ጦር ይዞ መጥቶ ወራሽ ያጣውን ዙፋን ለሚወስደው ለፎርቲንብራስ ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ወጣ፣ የጎጃም ገበሬም በዚሁ ተነሣ፣ መንግሥትም ጦር ላከ። «ሃይደር» ልጁ አጎቱን ሳይገድለው ጥሎት እንዲሄድ ያደርጋል። እኔ ያን አልመርጥም፤ ሽምግልና ባለበት አገር ይቅርታ ሳይሸመገል ከሰማይ ሲወርድ አይታመንም። ሁሉም ይሙቱ። ገና ካለፈ በኋላ ግብር ገማቾቹ ፖሊስ አስከትለው ይምጡ፣ ቤቱ ወራሽ አልባ ሆኖ ያግኙት፣ ገመድ ዘርግተው መሬቱን ይለኩ፣ የባለርስቱን ስም ሲጠይቁም ሆራሺዮ ያስመዝግብ።