ሥራህ ያውጣህ

ቅዳሜ ማታ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ቢደርቡበትም አይመለስም። ቢሆንም ይህን ሳልጽፍ መተኛት አልፈለግኩም።

ዘጠኝ ዓመት ጄኔሬተር ጠግኛለሁ። አምና በምሠራበት ድርጅት የጥገና ኃላፊ ቦታ ክፍት ሆነና አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ "እስካሁን የሠራኸውን ንገረን" አሉኝ። "ያው የታዘዝኩትን ስሠራ ነው የኖርኩት" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተጠርቼ የገባሁባቸው ሌሊቶች ወረቀት ላይ አልነበሩም፤ ከአፌም አልወጡም። በጣም ነው ያዘንኩት።

እኛ ቤት ራስን ማመስገን ነውር ነው። እናቴ "ሥራህ ያውጣህ" ስትል ነው ያደግኩት።

ቶም ፒተርስ የሚባል አሜሪካዊ የማኔጅመንት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1997 ማንኛውም ሠራተኛ ራሱን እንደ አንድ ብራንድ፣ እንደታወቀ የንግድ ስም፣ ይይ ብሎ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ ስሰማው ደስ አላለኝም። ሰው እንደ ሳሙና ታሽጎ አይሸጥም አልኩ።

ልቤን የመለሰው ጥር ላይ አንጎለላ፣ ዘመድ ሠርግ ላይ የሰማሁት ፉከራ ነው። የእምዬ ምኒልክ የትውልድ አገር ነው፤ ሰው እንደ እሳቸው፣ እንደ "አባ ዳኘው"፣ በፈረሱ ስም የሚጠራበት። አንድ አባት ብድግ ብለው የዘመቱበትን፣ የዋሉበትን ቆጠሩ። ጉረኛ ያላቸው የለም። አብረዋቸው የዋሉት እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ አንዲት ቃል ቢጨምሩ ይታረማሉ። የሠሩትን፣ ምስክር ባለበት መናገር። ይኼ የእኛው ነው ለካ!

እኔስ የምቆጥረው ምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። የማውቀው ደጋ ላይ ያለ ሞተር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ አየር ያጥረዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሎድ (ጭነት) ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከሸዋሮቢት ጣርማ በርን የወጣ ሹፌር ያውቀዋል። ባለንብረቱ ግን ኔም ፕሌቱ (የፋብሪካው ሰሌዳ) ላይ የተጻፈውን የጉልበት ቁጥር አምኖ ይጭንበታል። ከዚያ የናፍጣ ፖምፓው ይፈታል፣ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ይቀየራል፣ ገንዘብ ያልቃል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር።

ይህንን በየቅዳሜው ሊንክድኢን (ሰው ስለ ሥራው የሚጽፍበት ማኅበራዊ ገጽ) ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ምን ገጠመኝ፣ ምን ለካሁ፣ ምን አደረግኩ። የደንበኛ ስም አላወጣም። ፎቶ ሳልጠይቅ አልለጥፍም። ረዳቴ ያገኘውን ብልሽት እሱ አገኘው ብዬ እጽፋለሁ። የተሳሳትኩበትንም ጽፌያለሁ፤ ምስክሮቼ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸውና መደበቅ አይቻልም። እጅግ የማከብራቸው የድሮ አለቃዬ አንዱን አንብበው "ይቺን ስሌት ፈትሻት" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ አረምኳት። ከዚያ ወዲህ ሳይለጠፍ ለእሳቸው አሳያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከመሐል ሜዳ የማላውቀው ሰው ደወለ።

"የደጋው ጄኔሬተር ሰው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። አምና እንደዚህ ብዬ አልመልስም ነበር። ጭሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኩት።