ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር

ሕንፃው ተጠናቆ አገልግሎት ላይ የዋለ ነበር። ባለቤቱ ወደ ምድር ቤቱ ሊያስገባ ላሰበው ጄኔሬተር መተላለፊያው ስለጠበበው፣ ከውጭ በኩል አፈር ደግፎ ከቆመውና 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የአርማታ ግድግዳ ላይ በ4 ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ከውስጥ በኩል እንዲቀረፍለት ጠየቀ፤ ስሌቱም ለእኔ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ስሌቴ በግማሽ ቀን አለቀ። ግድግዳውን ከመሠረቱ ላይ ብቻ ተይዞ እንደሚቆም የአፈር መደገፊያ ግንብ ወሰድሁት። እንዲህ ባለው ግንብ የሚሳበው በአፈሩ በኩል ያለው ገጽ ስለሆነ፣ ከውስጥ የሚነሳው የሚጨመቀው ኮንክሪት ብቻ ነው ብዬ፣ የሚቀረው 20 ሳንቲ ሜትር ሞመንቱን፣ ማለትም ግድግዳውን የሚያጎብጠውን ጉልበት፣ እንደሚችል ጽፌ አቀረብሁ።

አለቃዬ ወረቀቱን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የላይኛውን ጫፍ ሶሌታው (የላይኛው ፎቅ የአርማታ ወለል) ይዞታል ወይስ ነፃ ነው?»

ይዞታል። ከላይም ከታችም የተያዘ ግድግዳ ደግሞ በመካከሉ ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ፣ እዚያ ላይ የሚሳበው የውስጥ ገጹ ነው። ጫፉ ስለማይንቀሳቀስም የአፈሩ ግፊት አይቀንስም፤ ለ30 ዲግሪ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን (የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ መንሸራተትን የሚቋቋሙበት ልክ) የዕረፍት ግፊት መጠኑ፣ ማለትም ከአፈሩ ክብደት ወደ ጎን የሚገፋው ድርሻ፣ 0.5 ነው። ቁመቱ 3 ሜትር፣ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን ሲሆን ግርጌው ላይ 27 ኪሎ ፓስካል ያርፋል፤ ሁለቱን ጫፎች እንደ ማጠፊያ፣ ማለትም ከቦታቸው ሳይለቁ መዞር እንደሚችሉ፣ ብንወስድ ትልቁ ሞመንት ከወለሉ 1.3 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይወድቃል። መቅረፊያው መስመር በኖራ የተሰመረው በዚሁ ከፍታ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቦታው ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀዳዳ አስከፈትን። አቧራው ሲጠረግ የውስጥ ገጹን መሳብ የሚሸከመው የቆመ ብረት ከግድግዳው ፊት 4 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ታየ፤ በካሊፐር ስንለካው 12 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ ይህ ብረት አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። በአፈሩ በኩል የሚቀረው ብረት ደግሞ የሚጨመቀው ገጽ አጠገብ ስለሚሆን፣ ለመካከለኛው ሞመንት እንዳለ አይቆጠርም።

ከዚያ በኋላ ያልነካኋቸውን ሁሉ ሠራሁ። ግርጌው ላይ ያለው የሸር (የመቆረጥ ኃይል) አቅም የሚመዘንበት ውጤታማ ጥልቀት፣ ማለትም ከሚጨመቀው ገጽ እስከ ሚሳበው ብረት ያለው ርቀት፣ ከ24 ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የግድግዳው ግትርነትም ከሲሶ በታች ይሆናል፤ ከላይ የሚመጣው ጭነት ከግድግዳው መሐል 5 ሳንቲ ሜትር ይዛነፋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ውኃ ነው። አፈሩ ጠግቦ ክብደቱ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ኒውተን ቢደርስና ውኃው እስከ ላይ ቢሞላ፣ የግርጌው ግፊት ከ27 ወደ 45 ኪሎ ፓስካል ይወጣል። በመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ውኃ የሚል ቃል እንኳ አልነበረም።

ለባለቤቱ ቀዳዳውን አሳይተን ስናስረዳው ጊዜ አልወሰደም። ጄኔሬተሩ አፈር በማይደገፍበት በሌላው ጎን እንዲገባ ተስማማን፤ ቀዳዳውም ብረቱ ተጠርጎ በማይኮማተር የጥገና ሞርታር ተደፈነ። የመጀመሪያውን ስሌት «ተሽሯል» ብዬ ፈርሜበት ከሁለተኛው ጋር በአንድ ፋይል አስቀመጥሁት።